ሌባ ጣቴና የእትዬ ሙሉ ግዝት

እኔ ሚስጥር የሚከብደኝ ሰው አልነበርኩም። ሥራዬ ስልክ መጠገን ነው፤ ሳን ሆዜ ውስጥ በአንዲት ጠባብ ሱቅ ቀኑን ሙሉ ጎንበስ ብዬ የሰው ስልክ እከፍታለሁ። ሰው ስልኩን ሲሰጠኝ ፎቶውን፣ ጭቅጭቁንና የፍቅር መልእክቱን አብሮ ነው የሚሰጠኝ። አላይም፤ ባይም አላወራም። ስለዚህ እትዬ ሙሉ አንድ ነገር እንዳልናገር በማርያም ሲገዝቱኝ፣ እንደ ቀላል ነገር አንገቴን ነቅንቄ ወደ ክፍሌ ገባሁ። ጣቴን ሊያስቆርጠኝ የነበረው ያ አንገት መነቅነቅ ነው።

ያን ጊዜ ሠላሳ አራት ዓመቴ ነበር። በዲቪ ከመጣሁ አምስተኛ ዓመቴን ይዤ፣ ኦክላንድ ውስጥ ከቴሌግራፍ አቬኑ ገባ ብሎ ካለ ቤት አንድ ክፍል ተከራይቼ እኖር ነበር። የቤቱ ባለቤት እትዬ ሙሉ ናቸው፤ በሱዳን በኩል በስደት የመጡ፣ ሄይዋርድ በሚገኝ መጦሪያ ቤት አረጋውያንን የሚያጥቡና የሚያበሉ፣ ስልሳ የደፈኑ ሴት። የእኛ ሰው ግን የሚያውቃቸው በብስኩት ቆርቆሯቸው ነው። ከአዲስ አበባ የሚመጣ መንገደኛ ሁሉ ኪኒን ይዞላቸው ይመጣል፣ እሳቸውም በየዓይነቱ ለይተው ቆርቆሮው ውስጥ ያስቀምጣሉ። ጥርሱ ያበጠ፣ ጉሮሮው የተዘጋ፣ ለሐኪም ሦስት ሳምንት ተቀጥሮ ትዕግሥቱ ያለቀ ሁሉ ወደ እሳቸው ይመጣል። ከማንም ምንም አይቀበሉም። ቸር ሴት ናቸው፤ ይህን አስቀድሜ የምናገረው በኋላ እንዳታዝኑባቸው ነው።

ሐሙስ ዕለት አንድ የተሰነጠቀ ስክሪን ሳነሳ ሽራፊው ቀኝ ሌባ ጣቴን ወጋኝ። ማን ሌባ ብሎ ስም እንዳወጣለት አላውቅም እንጂ፣ የእኔ ሌባ ጣት እንጀራዬን ያበሰለልኝ ታማኝ ጣት ነው። ከሩዝ ፍሬ ያነሰች ብሎን የምታነሳው በእሱ ጫፍ ነው። ደሙን ጠርጌ፣ ፕላስተር ለጥፌ ሥራዬን ቀጠልኩ። ቅዳሜ ጠዋት ጣቴ እንደ ቲማቲም ቀልቶና ተነፍቶ ተነሳሁ።

ያለ ቀጠሮ ወደሚያዩበት ክሊኒክ፣ ኧርጀንት ኬር፣ ሄድኩ። በልጅነቴ ፔኒሲሊን ተወግቼ ሰውነቴ ሁሉ አብጦ ስለነበር ያንን ነገርኳቸው፤ እነሱም ክሊንዳማይሲን የሚባል መድኃኒት አዘዙልኝ፣ ከቁስሉም በጥጥ ናሙና ወሰዱ። ቤት ስገባ እትዬ ሙሉ ወጥ ቤት ነበሩ። የመድኃኒቱን ብልቃጥ ተቀብለው መነጽራቸውን ዝቅ አደረጉና አነበቡት።

«እሱ ብቻውን?» አሉኝ።

«አዎ፣ ይበቃሻል አሉኝ።»

«የዚህ አገር ሐኪም ሲቆጥብ አይጣል ነው። ነይ እስቲ።» ቆርቆሯቸውን አውርደው አሥራ አምስት ፍሬ ቆጠሩልኝ። «ኤሪትሮማይሲን ነው፣ ፔኒሲሊን የለበትም፣ አትፍሪ። ጠዋትና ማታ ደርቢበት። አንዱ ቢስተው ሌላው ያገኘዋል።»

እውነት ለመናገር ልክ መሰለኝ። ከአንድ ዘበኛ ሁለት ይሻላል ብሎ የማያስብ ማን አለ? ኪኒኖቹን ወደ ቦርሳዬ ስከት እጄን ያዙኝ።

«ስሚኝ ትርሲት። አምና አንዱ የሰጠሁትን ወስዶ ለሐኪሙ አሳየ። ማን ሰጠህ ቢለው ስሜን ከነሥራ ቦታዬ ዘረገፈው። አለቃዬ ቢሮ ጠርታ ዋርኒንግ ሰጠችኝ። ሁለተኛ ከተሰማ ላይሰንሴን ይወስዱታል፣ በዚህ ዕድሜዬ የት እገባለሁ? በማርያም ገዝቼሻለሁ፤ ለሰውም ለሐኪምም ስለዚህ ኪኒን እንዳትናገሪ።»

አንገቴን ነቀነቅኩ። በግዝት ላላደጋችሁ ልንገራችሁ፤ የገዘተሽ ሰው ራሱ «ፈትቼሻለሁ» እስኪልሽ ድረስ አፍሽ የአንቺ አይደለም። ልጅ ሆኜ ጎረቤታችን የነበሩ አንዲት ሴት ግዝት አፍርሰው ምላሳቸው ተሳሰረ እየተባለ ሲወራ ነው ያደግኩት። እኔ ሰርኪውት በማይክሮስኮፕ የማይ ሰው ነኝ፤ ማርያምን ግን እፈራለሁ።

ሰኞ ዕለት ሱቅ ውስጥ ብርድ ብርድ ብሎኝ መፍቻው ከእጄ ወደቀ። አለቃዬ ቬትናማዊ ነው፣ ብዙ አያወራም። እጄን አየና ሱቁን ቆልፎ በራሱ መኪና ሆስፒታል አደረሰኝ። ቅላቱ ከጣቴ አልፎ ወደ መዳፌ ወርዶ ነበር። ባክቴሪያው በቀላሉ ለመድኃኒት የማይበገር ዓይነት ነው ብለው ለብቻዬ ክፍል ውስጥ አስገቡኝ፣ በሩ ላይ ማስጠንቀቂያ ተለጠፈ። የሚገባ ሁሉ ቢጫ ጋውንና ጓንት ያደርጋል፣ ሲወጣ አውልቆ ይጥላል። እኔ ከበሩ ማለፍ አልችልም። መስኮቱ ደግሞ የማይከፈት ነው፤ ከታች መኪኖች በፍሪዌዩ ላይ ሲያልፉ ይታያል እንጂ ድምፃቸው አይሰማም።

«ሌላ የምትወስጂው መድኃኒት አለ?» አለኝ የሚመዘግበው ነርስ።

«የለም።»

ይህ የመጀመሪያው ውሸቴ ነው። ሁለተኛው ከሰዓት በኋላ፣ ሦስተኛው ማታ ተከተሉት። መጀመሪያ የሰጡኝ መድኃኒት ሰውነቴን አቅልቶ ትንፋሽ ስላሳጠረኝ አቆሙት። የቅዳሜው ናሙና ውጤት ክሊንዳማይሲን ይገድለዋል ስለሚል ያንኑ በደም ሥር ቀጠሉልኝ። እኔም ነርሱ ሲወጣ ትራሴ ሥር ካለችው የሳንቲም ቦርሳ አንድ ኤሪትሮማይሲን አውጥቼ ዋጥ አደርጋለሁ። ጉሉኮሱ ከላይ፣ ኪኒኑ ከውስጥ እየተጋገዙ ያድኑኛል ብዬ ነበር።

ነርሱ የቅላቱን ዳርቻ በእስክሪብቶ አሰመረልኝ፣ ከጎኑም ሰዓት ጻፈ። «ቅላቱ ይህችን መስመር ካለፈ ጥራኝ» አለኝ። ማክሰኞ ጠዋት አልፏት ነበር። ሌላ መስመር ተሰመረ፤ ከሰዓት በኋላ ያንንም አለፈ። የገዛ ክንዴን እያየሁ ቁጭ ማለት ሆነ ሥራዬ። መስመሯን አያለሁ፣ ሰዓቱን አያለሁ፣ መስኮቱን አያለሁ፣ መልሼ መስመሯን አያለሁ።

እትዬ ሙሉ ደወሉ። «እየወሰድሽው ነው?»

«እየወሰድኩ ነው።»

«ጎበዝ፤ እንዳታቋርጪ።»

ከዚያ ዶክተር ራኦ ከሰርጀኑ ጋር ገባች። በእኔ ዕድሜ ያለች፣ ረጋ ብላ የምታወራ ሐኪም ናት። ሰርጀኑ ግን ቸኩሎ ነበር። ትክክለኛው መድኃኒት ከቅዳሜ ጀምሮ ተሰጥቶ ካልሠራ፣ ወደ ሌላው ሰውነቴ ሳይዛመት ጣቱን ማንሳት ይሻላል አለ። ነገ፣ በዚህ አገር አቆጣጠር ከረፋዱ አሥራ አንድ ሰዓት። «ማንሳት» የሚለውን ቃል የተጠቀመው እንዳልደነግጥ መሰለኝ። ደነገጥኩ። ሲወጡ አልቅሼ፣ ፊቴን በግራ እጄ ጠርጌ፣ የማታዋን ኪኒን ዋጥኩ።

ረቡዕ ጠዋት ዶክተር ራኦ ብቻዋን መጣች። ጋውኗን አጥልቃ አጠገቤ ተቀመጠችና ስልኳ ላይ ፎቶ አሳየችኝ። ክብ የላብራቶሪ ሳህን ነው፣ ላዩ ላይ ሁለት ትናንሽ ነጫጭ ወረቀቶች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል።

«ይሄ ያንቺ ባክቴሪያ ነው። ወረቀቶቹ መድኃኒት ውስጥ የተነከሩ ናቸው። ይሄኛው ክሊንዳማይሲን ነው፤ ዙሪያው የጠራው ባክቴሪያው የሞተበት ቦታ ነው። ምን ይታይሻል?»

ዓይኔ ለትንሽ ነገር የለመደ ነው። «ሙሉ ክብ አይደለም» አልኳት። «በአንድ በኩል ጠፍጣፋ ነው፤ በቢላ እንደተቆረጠ ዳቦ።»

«በየትኛው በኩል?»

«ወደ ሌላኛው ወረቀት በዞረው በኩል።»

«ሌላኛው ወረቀት ኤሪትሮማይሲን ነው።»

ትራሴ ሥር ያለችውን ቦርሳ በጭንቅላቴ ክብደት ተጫንኳት።

«ይሄ ባክቴሪያ ከክሊንዳማይሲን የሚያድነው ጂን፣ ማለትም የዘር መመሪያ አለው» አለች። «ግን ዘግቶ ነው የሚያስቀምጠው። ከፍቶ መኖር ጉልበት ይጨርስበታል። ክሊንዳማይሲን ብቻውን ሲመጣበት አይነቃም፤ ይሞታል። የመጀመሪያው ውጤት ይገድለዋል ያለው ለብቻው ስለተፈተነ ነው። ኤሪትሮማይሲን ሲመጣ ግን ይነቃል።»

«በምን ያውቃል?» ብዬ ጠየቅኩ። ፈርቼም ቢሆን የአንድን ነገር አሠራር ሳልጠይቅ አላልፍም።

«ፕሮቲን የሚሠራባቸው ማሽኖች አሉት። የጂኑ ቅጂ መጀመሪያ ላይ አጭር መግቢያ አለ። ሰላም ሲሆን ማሽኑ መግቢያውን አንብቦ ይወርዳል፣ ዋናው መልእክት ተጣጥፎ እንደተዘጋ ይቀራል። ኤሪትሮማይሲን ማሽኑ ላይ ሲቀመጥበት ግን ማሽኑ መግቢያው ላይ ተገትሮ ይቀራል። እዚያ ሲገተር እጥፋቱ ይፈታል፣ መልእክቱ ይነበባል። ከዚያ ባክቴሪያው በማሽኖቹ ላይ ምልክት ያደርጋል፤ ምልክት ያለበት ማሽን ላይ ሁለቱም መድኃኒቶች መቀመጥ አይችሉም።»

ገባኝ። ስልኩ ውስጥ ተጭኖ ያልተከፈተ አፕ ነው። መክፈቻውን ጠዋትና ማታ የምነካው እኔ ነኝ።

«ላብራቶሪ ውስጥ ኤሪትሮማይሲኑን ያስቀመጥነው እኛ ነን» አለች ዶክተር ራኦ። «ያንቺ ክንድ ውስጥ ግን ማን አስቀመጠው? አንዳንዴ ባክቴሪያው ተለውጦ በራሱ ከፍቶት ሊቀር ይችላል፣ ስለዚህ እርግጠኛ አይደለሁም። አንድ ሌላ መድኃኒት አለ። ከብዙ መድኃኒት ጋር ስለሚጋጭ የወሰድሽውን ሁሉ ሳላውቅ አልጀምረውም። ሰርጀኑ ደግሞ መድኃኒቱ ያልሠራበትን ምክንያት ካሳየሁት አንድ ቀን ይሰጠኛል። ሌላ የወሰድሽው ነገር አለ?»

አፌን ከፈትኩ። እትዬ ሙሉ እጄን ይዘው፣ «በዚህ ዕድሜዬ የት እገባለሁ?» ሲሉኝ ታየኝ።

«አላስታውስም» አልኩ።

ፎቶውን ዘግታ ተነሳች። «ለአሥራ አንድ ሩብ ጉዳይ ሲል ሊወስዱሽ ይመጣሉ። ከዚያ በፊት ተመልሼ እመጣለሁ።»

ጋውኗን አውልቃ ስትወጣ ስልኬን አነሳሁ። የእትዬ ሙሉ ስልክ ዝግ ነው፤ ሺፍት ላይ ሲሆኑ ሎከር ውስጥ ይቆለፋል። በግራ እጄ የመጦሪያ ቤቱን ቁጥር ፈልጌ ሪሴፕሽን ደወልኩ። የቤተሰብ ጉዳይ ነው፣ አስቸኳይ ነው አልኩ። አቆዩኝ። ሙዚቃ አሰሙኝ። ሰዓቱ አሥር ከሩብ ሆነ።

«ሄሎ?» አሉ በመጨረሻ፣ በፈራ ድምፅ።

«እትዬ ሙሉ፣ ትርሲት ነኝ። ዛሬ ጣቴን ሊቆርጡት ነው። ያበላሸው የሰጡኝ ኪኒን ነው፤ ባክቴሪያውን ቀሰቀሰው። እባክዎ ይፍቱኝ፣ ለሐኪሟ ልንገራት።»

ከበስተጀርባ ቴሌቪዥን ይሰማል። ከዚያ ለሌላ ሰው በእንግሊዝኛ «ቤተሰብ ነው፣ አሁን እጨርሳለሁ» አሉ። ወደ እኔ ሲመለሱ ድምፃቸው ሹክሹክታ ሆነ።

«አለቃዬ አጠገቤ ቆማለች። ቆይቼ ኮል አደርግሻለሁ።»

«ቆይቶ የሚባል የለም እትዬ፣ እኔ…»

ተዘጋ።

እንደዚያን ጊዜ ሰው ጠልቼ አላውቅም። ስልኩን አልጋው ላይ ወርውሬ ወደ በሩ ሄድኩ፣ እጀታውን ያዝኩ፣ የጉሉኮሱ ገመድ ጎተተኝ። ተመልሼ ተቀመጥኩ። አንድ ቃል ነበር የምፈልገው፤ «ፈትቼሻለሁ»። እሳቸው ደግሞ ያችን ቃል አለቃቸው ፊት ቆመው ሊሏት አልቻሉም። ሁለታችንም በየተዘጋንበት ነበርን፤ ያንን ያሰብኩት ግን በኋላ ነው። በዚያች ሰዓት ያሰብኩት ጣቴን ብቻ ነው።

ዶክተር ራኦ አሥር ተኩል ሲሆን ተመለሰች። ያኔ ነው ብልጠቴ የመጣችልኝ። የተገዘትኩት እንዳልናገር ነው፤ እንዳላሳይ ማንም አልገዘተኝም። ቦርሳዋን ከትራሴ ሥር አውጥቼ የቀሩትን ሰባት ኪኒኖች ጠረጴዛው ላይ ዘረገፍኳቸው፣ ከዚያም ማርያም ራሷ የማትከሰኝ መስሎኝ ደረቴን ነፍቼ ዝም አልኩ።

«ስንት ቀን ወሰድሽ?» አለች።

የግራ እጄን አራት ጣቶች አሳየኋት።

«በቀን ስንት?»

ሁለት።

«መጠኑ ስንት ነው? የመጨረሻውን በስንት ሰዓት ዋጥሽ? የልብ ወይም የጭንቀት መድኃኒትስ ተቀላቅሎበታል?»

ለዚህ ጣት አልበቃኝም። ከውጭ የአልጋ ጎማ ድምፅ ሰማሁ፤ ሊወስዱኝ መጥተዋል።

«ማርያም ይቅር ትበለኝ» አልኩ በአማርኛ። ከዚያ በእንግሊዝኛ ሁሉንም ዘከዘክኩት፤ ቅዳሜ እንደጀመርኩ፣ ከአዲስ አበባ የመጣ እንደሆነ፣ ዛሬ ጠዋት ስምንት ሰዓት ላይ አንድ እንደዋጥኩ፣ ሌላ ምንም እንደሌለ። ቀጥላ ማን ሰጠሽ ልትለኝ ነው ብዬ ጥርሴን ነከስኩ። አልጠየቀችኝም። ኪኒኖቹን በፎቶ አንስታ ሮጣ ወጣች። ያን ሁሉ ቀን የፈራሁትን ጥያቄ እስከ ዛሬ ማንም አልጠየቀኝም።

ወደ ኦፕራሲዮን ክፍል ግን መወሰዴ አልቀረም። ኮሪደሩ ላይ በጀርባዬ ተኝቼ ዶክተር ራኦና ሰርጀኑ ሲነጋገሩ ይሰማኛል፤ ምን እንደተስማሙ ግን ሳልሰማ ማደንዘዣው ወሰደኝ። ስነቃ እጄ በፋሻ ተጠቅልሎ ትልቅ ድቡልቡል ሆኗል። ጣቶቼን ለማንቀሳቀስ ሞከርኩ፣ ምንም አይሰማኝም።

«አለ?» አልኩት ነርሱን።

ምን እንደጠየቅኩት ወዲያው ገባው። «አለ። መግሉን አጥበው አወጡት። ሌላው ነገ ይታያል።»

ከሰዓት በኋላ በሩ ተከፈተና ቢጫ ጋውን የለበሰች አጭር ሴት ገባች። ማስክ ስላደረጉ መጀመሪያ አላወቅኳቸውም። እትዬ ሙሉ ናቸው፣ ከጋውኑ ሥር የሥራ ልብሳቸውን እንደለበሱ። ሺፍታቸውን ጥለው በባቡርና በአውቶብስ ከሄይዋርድ መጥተዋል። እጄን አይተው እዚያው በር ላይ ቆሙ።

«ልፈታሽ ነው የመጣሁት» አሉ።

«ተናግሬአለሁ እትዬ።»

«ስሜንስ?»

«አልጠራሁም።»

ቀስ ብለው ወንበሩ ላይ ተቀመጡ። የሳህኑን ነገር፣ የተዘጋውን ጂንና የሚከፍተውን መድኃኒት እንደገባኝ ነገርኳቸው። ይጨቃጨቁኛል ብዬ ነበር። እሳቸው ግን ጓንት ያደረጉ እጆቻቸውን ያያሉ።

«እኔ እኮ እንዲበረታልሽ ብዬ ነው» አሉ። ድምፃቸው ተሰበረ። «ለሁሉም ‹ደርቡበት› ነው የምለው። ልጄ፣ ለስንት ሰው ብያለሁ?»

ከዚያ ስልካቸውን አውጥተው እዚያው ክፍል ውስጥ መደወል ጀመሩ። አሥራ አንድ ሰው ጋ ደወሉ። «ያን ኪኒን አሁኑኑ አቁም። አዎ፣ እኔ ነኝ የምልህ። ለሐኪምህ አሳየው። ስሜን ከጠየቀህም ንገረው።» ያቺን የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር አሥራ አንድ ጊዜ ስሰማ ጠዋት የያዝኩባቸው ጥላቻ ከልቤ ወጣ።

አዲሱ መድኃኒት በተጀመረልኝ በማግሥቱ ቅላቱ መስመሯ ላይ ቆመ፤ በሁለተኛው ቀን ወደኋላ ሸሸ። ነርሱ አዲስ መስመር ማስመር አቆመ።

ይህ ከሆነ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። ሌባ ጣቴ በቦታው አለ፣ ጫፉ ግን ብርድም ሙቀትም አይለይም፤ ብሎን የማነሳው አሁን በመሐል ጣቴ ነው። እትዬ ሙሉ ለአለቃቸው ራሳቸው ሄደው ተናገሩ፤ ሁለት ወር ያለ ሥራ ቆዩ፣ ከዚያ መለሷቸው። ኪኒኑን ሁሉ ፋርማሲ ውስጥ አሮጌ መድኃኒት ከሚጣልበት ሣጥን ጨመሩት። ቆርቆሮው እኔ ሱቅ ነው፤ ብሎን አስቀምጥበታለሁ።

ይህን የምታነቡ ወገኖቼ፣ ቆርቆሮ በየቤታችሁ እንዳለ አውቃለሁ። በፍቅር የተሰጣችሁ እንደሆነም አውቃለሁ። እኔ ግን ሁለት መድኃኒት ከአንድ ይበልጣል ብዬ በገዛ እጄ ጠላቴን ቀስቅሼ ጋሻ ያስያዝኩ ሰው ነኝ። ሐኪም «ሌላ የምትወስዱት አለ?» ሲላችሁ ሊከሳችሁ አይደለም፤ ንገሩት። ሌላ ሰውንም በዚህ ነገር አትገዝቱ።

ስለ ግዝቱ ንስሐ መግባት ነበረብኝ። ከሆስፒታል በወጣሁ ሰሞን ወደ ንስሐ አባቴ ሄጄ ከሳህኑ እስከ ኪኒኑ ሁሉንም አንድ በአንድ ተናዘዝኩ። በትዕግሥት ሰሙኝ፣ ቀኖናዬን ሰጡኝ፣ መስቀል አሳለሙኝ። ልወጣ ስል ጉንጫቸውን በመዳፋቸው ደግፈው ጠሩኝ፤ ያን ጊዜ ነው በአንድ በኩል ማበጡን ያየሁት። እትዬ ሙሉ ከደወሉላቸው አሥራ አንድ ሰዎች ውስጥ እሳቸው አልነበሩም፤ የእሳቸውም ንስሐ አባት ስለሆኑ ለመናገር ሳያፍሩ አይቀሩም።

«ልጄ» አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ያ ኪኒን መልኩ ምን ዓይነት ነበር ያልሽው?»